በፖሊስ መያዝ፣ ፍተሻ እና ራስን መከላከል፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምትኖሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያት፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ እና ከአሸዋ ሜዳ አካባቢ ነዋሪዎች የሚነሡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናል፤ ሰዓቱም ዓመተ ምሕረቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አደጋ ሲገጥመኝ ማን ጋ ልደውል? ምንስ ልበል?

የአዲስ አበባ ፖሊስ ነጻ መስመር 991 ነው። እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከተማው ዳር ላይ እርዳታ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ቦታው ስለማይገኝ ነው። አዳዲስ ሰፈሮች የመንገድ ስም የላቸውም፤ «ኮንዶሚኒየሙ ጋ» ማለት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ቤት ካለበት ሳይት ምንም አይጠቁምም። ስለዚህ የሳይቱን ስም፣ የብሎክ ቁጥሩን፣ በየትኛው በር በኩል እንደሚገባ እና በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ወይም የታክሲ መጨረሻ ይናገሩ። ቀጥሎ አጥቂዎቹ አሁንም እዚያው መሆናቸውን፣ ስንት እንደሆኑ፣ መሣሪያ መያዝ አለመያዛቸውን ይግለጹ። የብሎክ ቁጥርዎን ልጆችና የቤት ሠራተኛም በቃላቸው እንዲያውቁት ያድርጉ።

የቅርብ ጣቢያዎን ቀጥታ ስልክም ዛሬውኑ ጠይቀው ይመዝግቡ። በተለይ ቤትዎ በሸገር ከተማ በኩል ከሆነ ይህ ግድ ይላል፤ 991 የአዲስ አበባ ፖሊስ መስመር ነውና።

ቤቴ ድንበር ላይ ነው። የትኛው ፖሊስ ነው የሚመለከተኝ?

የሚወስነው ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ነው። መታወቂያዎ የአዲስ አበባ ቢሆንም ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ውስጥ ከተዘረፉ ጉዳዩን የሚያጣራው የኦሮሚያ ፖሊስ ነው፤ የሚያየውም የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። ነዋሪነትዎ ሸገር ሆኖ አያት አደባባይ ላይ ከተደበደቡ ደግሞ ጉዳዩ የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው። የሁለቱ አስተዳደሮች ወሰን በ2014 በስምምነት ከተሰመረ፣ በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላን እና ኮዬ ፈጬ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ አንዳንድ ሰፈሮች ወገን ቀይረዋል። የድሮውን እያሰቡ መሄድ ከጣቢያ ጣቢያ ያመላልሳል።

አጣዳፊ በሆነ ጊዜ ግን ወሰን አይቁጠሩ፤ ቅርብ ያለው ጣቢያ ይግቡ። ደም እየፈሰሰዎት ወይም ተጠርጣሪው እየሸሸ እያለ «የኛ ክልል አይደለም» ብሎ መመለስ አይገባም። ቃልዎን ተቀብለው ለሚመለከተው ጣቢያ ማስተላለፍ ይችላሉ። በሸገር በኩል የፖሊስም የፍርድ ቤትም የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማይረዳ ተጠርጣሪ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19)፣ ሲከሰስም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት (አንቀጽ 20) መብት አለው። አስተርጓሚውን ሲጠይቁ አይፈሩ፤ ያልገባዎትን ቃል ፈርመው መውጣት ኋላ ላይ የማይታረም ጉዳት ያመጣል።

ላመለክት ሄጄ «ይሄ አይመዘገብም» ቢሉኝስ?

የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር፣ ጥቆማው አጠራጣሪ ቢሆን እንኳ እንዲያጣራ ያዛል (አንቀጽ 22)። የሚሰጡት ቃል ተጽፎ፣ ተነቦልዎት፣ ፈርመውበት ቀን ይጻፍበታል። ከጣቢያው ሳይወጡ የመዝገብ ቁጥሩን እና የመርማሪውን ስም ይቀበሉ። ቁጥር ከሌለ መዝገብ የለም ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ቢመለሱ ጉዳይዎን የሚያስታውስ ሰው አያገኙም። ተረኛው እምቢ ካለ የጣቢያውን አዛዥ፣ ከዚያም የክፍለ ከተማውን ፖሊስ መምሪያ ያነጋግሩ። አቤቱታ ለዐቃቤ ሕግም ማቅረብ ይቻላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቀላል የአካል ጉዳት፣ ዛቻ እና ስም ማጥፋትን የመሳሰሉት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ናቸው። እነዚህ ላይ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከቱ መብትዎ ይቀራል። «በሽማግሌ እንጨርሰው» እየተባለ ጊዜው ያለፈባቸው ብዙዎች ናቸው። ሽምግልናው ይቀጥል፤ አቤቱታው ግን ቀድሞ ይመዝገብ። ከተስማሙ በኋላ መተው ይቻላል።

ስልኬን በሞተር ሳይክል መጥተው ነጠቁኝ። ምን ላስቀድም?

መጀመሪያ ገንዘብዎን ያድኑ። በሰው ስልክ 994 ደውለው ሲም ካርዱን ያዘጉ፤ ቴሌብር ካለዎት 127፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ 951 ይደውሉ። ሌባው ስልኩን ከመሸጡ በፊት በሲሙ የማረጋገጫ ቁጥር እያስመጣ ሂሳብ ለማራቆት ይሞክራል። ከዚያ ወደ ጣቢያ ይሂዱ፤ የስልኩን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ይዘው። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ቁጥሩ የሚገኘው ከካርቶኑ ላይ ነው፤ ካርቶኑን ከጣሉት ግን ስልኩ ተይዞ እንኳ የእርስዎ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። አሁን *#06# ብለው ይደውሉና የሚወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡ።

ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞኝ መታወቂያ ባልይዝ ሊያስረኝ ይችላል?

ፖሊስ ማንነትዎን ሊጠይቅ ይችላል፤ በትሕትና መመለሱ ጊዜም ጠብም ይቆጥባል። ነገር ግን ፖሊስ ያለ ትዕዛዝ ሰው የሚይዝባቸው ምክንያቶች በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 51 ተዘርዝረዋል፤ መታወቂያ አለመያዝ ብቻውን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከተያዙ «በምን ወንጀል ተጠርጥሬ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ለማጣራት» ብቻ ከሆነ ጥያቄውን በጨዋ ቃል ይድገሙት፤ ሰዓቱንም ይያዙ። የመታወቂያዎን ፎቶ ስልክዎ ውስጥ፣ ኮፒውን ደግሞ ቤት ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መቼ መቼ መያዝ ይቻላል?

መነሻው ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ አይያዝም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ነው። ያለ ትዕዛዝ መያዝ የሚቻለው በተለይ እጅ ከፍንጅ ሲሆን፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያሳስር ወንጀል በበቂ ምክንያት ሲጠረጠሩ፣ ፖሊስ ሥራውን እንዳይሠራ ሲያሰናክሉ፣ የተሰረቀ የሚመስል ዕቃ ይዘው ሲገኙ፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት የቤት መስበሪያ ወይም የጦር መሣሪያ ይዘው ሲገኙ ነው። ከዚህ ውጭ መጥሪያ ወይም የመያዣ ትዕዛዝ ያስፈልጋል። መጥሪያ ከደረሰዎት በሰዓቱ ይቅረቡ፤ መቅረት ራሱ ለመያዣ ትዕዛዝ ምክንያት ይሆናል።

ሲቪል የለበሱ ሰዎች «ጣቢያ እንሂድ» ቢሉኝስ?

የመያዣ ትዕዛዝ ካለ የሚይዘው ፖሊስ የሚያዘውን ሰው ማንነት አረጋግጦ ትዕዛዙን የማንበብ፣ ሲጠየቅም የማሳየት ግዴታ አለበት (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 56)። የፖሊስ መታወቂያ እንዲያሳዩ፣ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጡ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ስምዎንና የሚወስዱበትን ጣቢያ ስም ጎረቤት ወይም ሱቁ ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ ይናገሩ። ይህ ወንጀል አይደለም። መታገል ግን አይመከርም፤ በእውነት ፖሊስ ከሆኑ መታገሉ ራሱን የቻለ ክስ ይወልዳል። መታወቂያ ካላሳዩ፣ መኪናው ሰሌዳ ከሌለው፣ ገንዘብ ወይም የስልክ ሚስጥር ቁጥር መጠየቅ ከጀመሩ ግን ጉዳዩ ዝርፊያ ወይም እገታ ነው፤ ሰው ወዳለበት ሮጠው ይጩኹ፣ 991 ይደውሉ።

ጣቢያ ከገባሁ በኋላ ቃል የመስጠት ግዴታ አለብኝ?

የለብዎትም። ያለመናገር መብት አለዎት፤ የሚናገሩት ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብዎት እንደሚችልም ሊነገርዎት ይገባል። ስምና አድራሻ መስጠት አይጎዳም። ስለ ጉዳዩ ግን «ከጠበቃዬ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ» ማለት ይችላሉ። ንጹሕ ሰውም ቢሆን ደክሞት፣ ርቦት፣ ሌሊት የሚሰጠው ቃል ሰዓት ያዛባል፤ ያ መዛባት ኋላ «ዋሽቷል» ተብሎ ይጠቀስበታል።

ቃል ከሰጡ ከመፈረምዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። ያልተናገሩት ካለ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ ባዶ ወረቀት ላይ ወይም ከጽሑፉ በታች ሰፊ ባዶ ቦታ ባለበት ላይ አይፈርሙ። የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪም እና ጠበቃ ሊጎበኝዎት መብት አለዎት (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21)።

«48 ሰዓት» የሚባለው ከመቼ ነው የሚቆጠረው? ቅዳሜና እሑድስ?

ከተያዙበት ቅጽበት ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ነው፤ የጣቢያው መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስምዎ የተጻፈበትን ሰዓት ነውና። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ተይዘው፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት 3 ሰዓት ከቆዩ በኋላ ጣቢያ ቢገቡ፣ መቁጠሪያው የሚጀምረው ከ9 ሰዓት ነው። የተያዙበትን ሰዓት፣ ቦታና ያየ ሰው ካለ ስሙን ወዲያው ለሚጠይቅዎ ሰው ይንገሩ፤ ቤተሰብም ይጻፈው።

ሕገ መንግሥቱ ከ48 ሰዓት የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው። የእረፍት ቀንን አይቀንስም። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት የተያዘ ሰው እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጊዜው ይሞላል። በተግባር ብዙዎች ሰኞ ጠዋት ነው የሚቀርቡት፤ ሲቀርቡ ታዲያ ይህንኑ ለዳኛው ይናገሩ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርም ይጠይቁ። ከአያት ወይም ከጀሞ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ አንድ ሙሉ ቀን አይፈጅም።

በመጀመሪያው ቀን ዳኛው ጥፋተኛ ነህ አይደለህም አይልም። ችሎቱ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው፤ ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59)፤ ከዚያ ያነሰ ሊሰጥ ወይም በዋስ ሊለቅ ይችላል። ዳኛው «ምን ትላለህ?» ሲል በአጭሩ የሚባለው ይህ ነው፦ የቀረው ሥራ ምንድን ነው? ምስክር ከሆነ ስንት ቀረ? የሕክምና ወይም የአሻራ ውጤት ከሆነ እኔ ውጭ ብሆን ምን ያሰናክላል? ሁለተኛ ቀጠሮ ሲጠየቅ ደግሞ «በመጀመሪያው 14 ቀን ምን ተሠራ?» ብለው ያስጠይቁ። ቋሚ አድራሻ፣ ሥራ፣ ቤተሰብ እንዳለዎት የሚያሳይ ወረቀት ቤተሰብ ይዞ ችሎት ይገኝ። ምርመራው አልቆ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ከደረሰ በኋላ ክስ ለመመሥረት የተሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው (አንቀጽ 109)።

ዋስትና የሚፈቀደው መቼ ነው? ከተፈቀደስ በኋላ ለምን ሰው ሳይፈታ ይቆያል?

ሁለት ዓይነት አለ። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም መፈጸሙ ራሱ አጠራጣሪ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28)፤ ለትንሽ ጠብ ፍርድ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ መርማሪውን ይጠይቁ። ከዚያ በላይ ያለውን ፍርድ ቤት ይወስናል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለከለው ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ነው፤ እንደ ሙስና ባሉት ላይ ልዩ ሕጎች ተጨማሪ ገደብ አላቸው። በሌላው ፍርድ ቤቱ የሚከለክለው አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ብሎ ሲያምን ነው (አንቀጽ 67)። ጥያቄው በ48 ሰዓት ውስጥ ሊወሰን ይገባል። ከተከለከሉ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

መዘግየቱ የሚመጣው ከወረቀት ነው። የዋሱ መታወቂያ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ የደመወዝ ማረጋገጫው «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ተጽፎ ለፍርድ ቤቱ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ቤት ለዋስትና የሚያሲዝ ሰው ካርታ አይኖረውም፤ በዳርቻው ሰፈሮች ይህ በጣም የተለመደ ነው። ገንዘብ የሚያስይዙ ከሆነ በፍርድ ቤቱ ፋይናንስ ብቻ ገቢ ያድርጉ፣ ደረሰኙን ጉዳዩ እስኪዘጋ ያስቀምጡ፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በሱ ነው። ደረሰኝ የሌለው «ዋስትና» ጉቦ ነው። የመፍቻ ትዕዛዙ ጣቢያ ደርሶ ሰው ካልተለቀቀ በዚያው ቀን ወደ ትዕዛዝ ሰጪው ችሎት ተመልሰው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ትዕዛዙ መቼ፣ ለማን እንደደረሰ የሚያሳየውን ፊርማ ኮፒ ይያዙ።

ወንድሜ ከተያዘ 4 ቀን ሆነው፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ የት እንዳለም አይነግሩንም።

አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ያቅርቡ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 የተመለከተ ነው። አቤቱታው ውስጥ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ የያዘው አካል፣ አሁን አለ ተብሎ የሚገመትበት ቦታ እና ይህን የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ይጻፋል፤ በመሐላ ቃል ይደገፋል። መሐላውን በመርሕ የሚሰጠው የታሰረው ሰው ነው፤ ታስሮ መስጠት ካልቻለ ግን እርስዎ ይህንኑ ገልጸው በስሙ ይሰጣሉ። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብና የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል።

አቤቱታውን ደካማ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ተጠሪው በትክክል አለመጠቀሱ ነው። «ፖሊስ» ማለት አይበቃም፤ የትኛው ጣቢያ፣ የትኛው መምሪያ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ጣቢያ ጣቢያ ስትዞሩ የጠየቃችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ። ወሰን ላይ የምትኖሩ ከሆነ በሁለቱም ወገን ጠይቁ። ምግብ ይዞ መሄድም ይረዳል፤ «እዚህ የለም» የተባለ ሰው ስንቁን ተቀብለውለት መኖሩ የታወቀበት ጊዜ አለ። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ያመልክቱ፤ ኮሚሽኑ ማቆያ ቦታዎችን ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን በአዋጅ 1224/2012 ተሰጥቶታል።

ቤቴን ሊፈትሹ ሲመጡ ምን ልጠይቅ? ሌሊትስ መምጣት ይችላሉ?

የብርበራ ትዕዛዙን ያንብቡ፤ አድራሻው የእርስዎ መሆኑን፣ የሚፈለገው ዕቃ ምን እንደሆነ ይመልከቱ። ትዕዛዙ ላይ ያልተጠቀሰ ዕቃ መውሰድ አይፈቀድም። ፍርድ ቤቱ በተለየ ካላዘዘ በስተቀር ፍተሻ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33)። ኮንዶሚኒየም ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር ስህተት ስለሚበዛ ቁጥሩን በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡት።

ያለ ትዕዛዝ መግባት የሚቻለው ተጠርጣሪ ተባርሮ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል ማስረጃ ቤት ውስጥ ተደብቆ ትዕዛዝ እስኪመጣ ሊሸሽ ይችላል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው (አንቀጽ 32)። በር ላይ ገትረው አይታገሉ፤ «አልፈቀድኩም» ብለው በግልጽ ይናገሩና ምስክር ይሁን ብለው ጎረቤት ወይም የብሎክ ኮሚቴ ይጥሩ። በየክፍሉ አብረው ይሁኑ። የሚወሰደው ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ፣ ገለልተኛ ሰው ይፈርምበት፣ ቅጂ ይቀበሉ። ብር ከሆነ በቁጥር፣ ስልክና ላፕቶፕ ከሆነ በመለያ ቁጥር ይጻፍ። «አንድ ላፕቶፕ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ሲመለስ ያው መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

የስልኬን መክፈቻ ቁጥር እንድሰጥ ቢያዙኝስ?

የግል ደብዳቤ፣ የስልክ ንግግርና የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 መሠረትም የኮምፒውተር ሥርዓት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፤ ስልክም ከዚያው ውስጥ ይገባል። «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ እባክዎ ያሳዩኝ» ይበሉ። ስልኩን ቢወስዱት ይመዝገብ። መንገድ ላይ ፎቶና መልእክት ማገላበጥ ከፍተሻ ኬላ የጸጥታ ምርመራ ጋር አንድ አይደለም።

ደንብ አስከባሪ፣ የሰላም ሠራዊት ወይም የሳይቱ ጥበቃ ሊያስረኝ ይችላል?

ደንብ አስከባሪዎች ደንብ ሲጣስ የማስቆምና በደንቡ የተቀመጠውን ቅጣት በደረሰኝ የመቅጣት ሥራ አላቸው። ዕቃዎ ከተወሰደ የተወሰደው ነገር ዝርዝርና የወሰደው ሰው ስም ያለበት ወረቀት ይጠይቁ። የሰፈር በጎ ፈቃደኛና የሳይት ጥበቃ ግን ከማንኛውም ዜጋ የተለየ ሰው የመያዝ ሥልጣን የላቸውም። እጅ ከፍንጅ ያገኙትን ይዘው ለፖሊስ ያስረክባሉ፤ በቃ። ሰውን ወረዳ መጋዘን ወይም የጥበቃ ቤት ቆልፎ ማሳደር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ያስጠይቃል።

ሌባ ያዝን። ምን ማድረግ ይፈቀድልናል?

እጅ ከፍንጅ የተያዘን፣ ወይም ኡኡታ ተሰምቶ እየተባረረ ያለን ሰው ወንጀሉ ቢያንስ 3 ወር የሚያሳስር ከሆነ ማንም መያዝ ይችላል (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 50)። ከያዙት በኋላ ያለ መዘግየት ለፖሊስ ማስረከብ ግዴታ ነው። የሚፈቀደው ጉልበት እንዳያመልጥ ለማድረግ የሚበቃው ብቻ ነው።

ከዚያ ያለፈው ሁሉ ወንጀል ነው፤ ይህን በጥብቅ እንናገራለን፤ ምክንያቱም በየዳርቻው ሰፈር ሰው በድንጋይና በዱላ ሲሞት ታይቷል። መሬት ላይ የወደቀ ሰው ማንንም አያሰጋም። የመጀመሪያዋን በትር ያሳረፈው የመጨረሻዋን ያሳረፈው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሲሞት ግን ሁለቱም በግድያ ይጠየቃሉ። ደግሞም ከተያዙት መካከል ሌባው ሌላ ሆኖ የተገኘበት አለ። እጁን ይያዙ፣ ከሕዝቡ ለይተው ግድግዳ ጥግ ያስቀምጡት፣ ሁለት ሦስት ሰው ከብቦ ይጠብቀው፣ አንዱ 991 ይደውል። የተሰረቀውን ዕቃ እንዳለ ይተዉት፤ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አሻራውን ያበላሻል። ያዩ ሰዎች ስልካቸውን ይስጡ፤ ሌባ «ተይዞ የሚለቀቀው» ብዙ ጊዜ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን የሚሰጥ ምስክር በመጥፋቱ ነው።

ራሴን ስከላከል አጥቂውን ብጎዳው እቀጣለሁ?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላን ሰው መከላከል አይቀጣም ይላል። መስፈርቶቹ ግን አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥ ይሁን፤ እየተፈጸመ ያለ ወይም አሁኑኑ ሊፈጸም የቀረበ ይሁን፤ በሌላ መንገድ መዳን የማይቻል ይሁን፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ይሁን። ጩቤ ይዞ የመጣን ሰው በዱላ መትቶ መጣል አንድ ነገር ነው። ጩቤውን ጥሎ ሲሮጥ ተከትሎ መምታት ግን መከላከል መሆኑ ቀርቷል፤ በቀል ነው። ዛሬ ጠዋት ለደረሰብዎ ስድብ ማታ መሄድም እንዲሁ።

ልክ ካለፉ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል፤ ያለፉት ከድንጋጤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣ ይችላል (አንቀጽ 79)። ይህን ማስረዳት የሚቻለው በቶሎ ካመለከቱ ነው። ሸሽቶ ቤት መደበቅ ራሱን የተከላከለን ሰው ወንጀለኛ ያስመስላል። ራስዎ ይደውሉ፣ ቁስልዎን ሐኪም ያሳዩ፣ የተቀደደ ልብስዎን ያስቀምጡ። የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ራስዎን ቢከላከሉበት እንኳ የመሣሪያው ክስ ለብቻው ይመጣል።

የ14 ዓመት ልጄ ተያዘ። እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚታየው?

አይደለም። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ላይ የሚወሰነው ልዩ እርምጃ እንጂ የአዋቂ ቅጣት አይደለም። ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወዳለው ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት (የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172)፤ ከአዋቂዎች ጋርም አይታሰርም። የልደት የምስክር ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ፣ ከሌለ የትምህርት ቤት መዝገብ ይዘው ይሂዱ። ቁመቱ ረዘም ያለ ልጅ ያለ ወረቀት «18 ሞልቶታል» ተብሎ ይጻፋል።

ጾታዊ ጥቃት ደርሶብኛል። መጀመሪያ ፖሊስ ወይስ ሐኪም ቤት?

ሐኪም ቤት ቢቀድም ይሻላል፤ ጊዜ አለውና። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። ከመሄድሽ በፊት አትታጠቢ፤ ልብስሽን አትጠቢ፤ በፕላስቲክ ፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያዢው፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ብትታጠቢም ግን ሂጂ፤ ቁስልና ሌላ ማስረጃ ይገኛል፣ ሕክምናውም አይቀርብሽም። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምና፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ፤ ታሪኩን ከቢሮ ቢሮ ደጋግመሽ እንዳትናገሪ የተቋቋመ ነው።

አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በሽማግሌ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ቤተሰብ ወይም አከራይ «ስምሽ ይጠፋል» ብሎ ቢከለክልሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

በምርመራ ላይ ተመታሁ። ማን ያምነኛል?

ምልክቱ ሳይጠፋ የሚያየው ዳኛ። መጀመሪያ ችሎት በቀረቡበት ቀን «ተመትቻለሁ፣ እዚህ ላይ ነው» ብለው ያሳዩ፤ እንዲመዘገብና ሕክምና እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ሁለተኛው ቀጠሮ ድረስ 14 ቀን ሲያልፍ ቁስል ይድናል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ የመታዎትን ሰው ስም ወይም መልክ፣ አብሮ የታሰረ ሰው ካየም እሱን ያስታውሱ። ተጠርጣሪን ቃል ለማውጣት መምታት፣ ማስፈራራት ወይም ማሰቃየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424፣ ያለ ሕግ ማሰር ደግሞ በአንቀጽ 423 መንግሥት ሠራተኛውን ራሱን ያስቀጣል። በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት አይቀበሉትም (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19)። ካሳ መጠየቅ ከፈለጉ የፍትሐ ብሔሩ ይርጋ በመርሕ 2 ዓመት ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ይቀራል?

ሁሉም አይቀርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 አንዳንድ መብቶች እንዲገደቡ ይፈቅዳል፤ ያለ ትዕዛዝ መያዝና የ48 ሰዓቱ ገደብ ሊነኩ ይችላሉ። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብት ያለበት አንቀጽ 25 ግን በምንም ጊዜ አይገደቡም። አዋጁ የሚጸናው ቢበዛ 6 ወር ነው፤ ሊራዘም የሚችለውም በየ4 ወሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው።

በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ምክር ቤቱ የሚያቋቁመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አፈጻጸም መርማሪ ቦርድ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በ1 ወር ውስጥ ይፋ የማድረግና የታሰሩበትን ምክንያት የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሰውየው የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የጠየቃችሁባቸው ጣቢያዎች ስም፣ የተሰጣችሁ የእምቢታ ወይም «የለም» የሚል መልስ ያለበትን ማስታወሻ ኮፒ አድርጋችሁ ለቦርዱ በጽሑፍ አስገቡ፤ የገቢ ማኅተም ያለበትን አንድ ቅጂ ደግሞ ለራሳችሁ አስቀሩ።